የባቡር ጅራት ፍለጋ

ሰው በስተርጅና ከሚይዛቸው አመሎች መካከል አንዳንዱ ለጤና፣ አንዳንዱም ለነፍስ ይበጃል እየተባለ ሲመሰገን፣ የእኔና የጋሼ አመል ግን እስካሁን አንድ ጠበቃ እንኳ አላገኘም፤ ይኸውም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ብርዱ ካልጸና ዝናቡም ካልከፋ፣ በሜሪላንድ አገር ከሐዲድ ዳር ታጣፊ ወንበራችንን ዘርግተን፣ ቡናችንን በፔርሙዝ ይዘን፣ የጭነት ባቡር ጅራት መጠበቅ ነው። ባቡሩን አላልሁም፤ ጅራቱን ነው። ባለቤቴ ይህን ነገር ለሰው ስታስረዳ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ሰው አሜሪካ መጥቶ ቤት ይገዛል፣ ልጅ ያስተምራል፤ የእኔው ደግሞ ፉርጎ ይቆጥራል» ትልና፣ ሰሚው የበሽታ ስም የተነገረው ያህል «እግዚአብሔር ይማረው» ብሎ ያጽናናታል።

ጋሼ ከእኔ በዐሥር ዓመት ይበልጣሉ። እኔ የጡረታ ወረቀቴን ከፈረምሁ ዓመታት ቢያልፉም፣ በእርሳቸው ዘንድ እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነኝ። ተወልደው ያደጉት በድሬዳዋ ሲሆን፣ አባታቸውም የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለ ነበሩ፣ ዓለምን የሚከፍሏት ሐዲድ በደረሰበትና ባልደረሰበት ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902 ገብቶ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 የዘገየበትን ነገር (ዘመኑን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው) እኔ የሸዋ ሰው በመሆኔ ብቻ ጥፋቱ የእኔ ይመስል፣ እንደ ርስት ክርክር በየጊዜው ያነሡብኛል።

ነገሩ የተጀመረው ከዋሽንግተን በስተሰሜን በምትገኘው በጌይተርስበርግ ከተማ፣ በ1873 ለአገልግሎት የበቃው የጥንቱ የባልቲሞርና ኦሃዮ ኩባንያ ሐዲድ የመኪናውን መንገድ በሚያቋርጥበት ስፍራ ነው። ወደ አንድ ወዳጃችን ቤት፣ ለቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ጽዋ፣ ሰዓቱ ቀድሞን ስንገሰግስ፣ ደወሉ ተደወለ፤ ቀዩ መብራት ግራና ቀኝ ይፈራረቅ ጀመር፤ መዝጊያውም አግዳሚ ከፊታችን ወረደ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሞተሮች ምድሩን እያንቀጠቀጡ አለፉ፤ ተከትለውም የድንጋይ ከሰል የጫኑ፣ ዘይት የጫኑ፣ ምን እንደ ጫኑ የማይታወቅ ፉርጎዎች ይጎርፉ ጀመር። ጋሼ አባታቸው በልጅነት እንዳስለመዷቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ። ጽዋው እንደ ተጠጣ፣ ዳቦውም እንደ ተቆረሰ እያሰብሁ እኔ በተናደድሁ መጠን፣ እርሳቸው እየተደሰቱ ሄዱ። መቶን ካለፉ በኋላ «አሁን የጅራቱ ፉርጎ ይመጣል፤ ሰውየውም በመስኮት ይታያል፤ እጅህን አንሥተህ ሰላም በለው» ብለው መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

የመጨረሻው ፉርጎ ግን እንደ ማናቸውም ፉርጎ ሆኖ መጣና ሄደ። ከኋላው ሰው የለም፤ መስኮት የለም፤ በመጋጠሚያው ላይ የተሰቀለች አንዲት ሣጥን ቀይ ዓይኗን እያርገበገበች ብቻ ሄደች።

ጋሼ ደነገጡ። «ባቡሩ ተቆርጦበታል! ጅራቱን ጥሎ ነው የሚሄደው፤ ነጂው አላወቀም! በል ቶሎ ለፖሊስ ደውል!» እያሉ እጄን ይዘው ወዘወዙኝ፤ እኔ ስልኬን በማውጣትና ባለማውጣት መካከል ሳመነታ፣ ዓይናቸው ከመንገዱ ዳር ባለው ጥንታዊ ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ አጭር ሐዲድ ላይ ተለይቶ በቆመ ጎጆ መሳይ ሠረገላ ላይ ዐረፈ። «ያውልህ! ያውልህ! እዚያ ቀርቷል!» አሉ፤ ከመኪናውም ለመውረድ በሩን ከፈቱ። ከኋላችን የነበሩት መኪኖች ጥሩምባቸውን ነፉ። የቀረው ፉርጎ የከተማዪቱ ቤተ መዘክር ንብረት መሆኑን፣ ከዚያም የተቀመጠው ልጆች እንዲጎበኙት መሆኑን አንብቤ ያስረዳኋቸው በማግሥቱ ተመልሰን ነው። ማኅበሩንማ አልደረስንበትም።

አሜሪካኖች ያን ሠረገላ «ካቡስ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ከሆላንድ መርከበኞች ቋንቋ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ትርጓሜው የመርከብ ማድ ቤት እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ጥቂት አሰቡና፣ ስለ ራሳችን ቃል አንድ ነገር አስተማሩኝ፤ ይኸውም እኛ የባቡርን ሠረገላ ሁሉ በጅምላ «ፉርጎ» ስንል፣ ፈረንሳዮቹ «ፉርጎን» የሚሉት ማናቸውንም ሠረገላ ሳይሆን ጓዙና የባቡሩ ሹም የሚሳፈሩበትን ለይተው ነው። እንግዲህ እኛ የአንዱን ስም ወስደን ለሁሉ አደልነው፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ ስሙን ጠብቀው ሠረገላውን ጣሉት።

ካቡሱ በደኅናው ዘመን ምን ይሠራ እንደ ነበር ለማያውቅ ሰው፣ የእኛ ፍለጋ በእውነት የእብድ ሥራ መስሎ ይታየዋልና ጥቂት ልዘርዝር። የጭነት ባቡር አለቃ የሚባለው ከፊት ሆኖ ሞተሩን የሚነዳው ሰው አልነበረም፤ አለቃው ከጅራቱ ተቀምጦ የጭነቱን ደብዳቤ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚመረምረው ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በበዓለ ጥምቀት ሕዝቡና መዘምራኑ እየዘመሩ ይቀድማሉ እንጂ ታላላቆቹ ካህናት ከፊት ሲሮጡ ማን አይቷል? ከአለቃው ጋር አንድ ፍሬን ያዥ ይኖራል። ባቡሩ ከመንገድ ላይ ሳይታሰብ የቆመ እንደ ሆነ፣ ይህ ሰው ቀይ ባንዲራውን ወይም ፋኖሱን ይዞ፣ በሌሊትም ቢሆን በበረዶም ቢሆን፣ በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ብዙ መንገድ ይሄድና፣ የሚከተለው ባቡር መጥቶ እንዳይገጫቸው፣ መንኰራኵር ሲረግጣቸው የሚፈነዱ ትንንሽ ርችቶች በሐዲዱ ላይ አጥምዶ ይቆማል። ሞተሩ በፉጨት «ተመለስ» እስኪለው ድረስም ከዚያ አይነቃነቅም። ደጀን ማለት ይህ ነው፤ ፊታውራሪው ብዙ ጭስና ጩኸት አለው፤ ደጀኑ ግን በጨለማ ብቻውን ቆሞ ከኋላ የሚመጣውን ይጠብቃል።

ሌላው ሥራው ማየት ነበር። የጥንቱ ፉርጎ ኩሽኔታ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ስለሚረጥብ፣ ጨርቁ በደረቀ ጊዜ ብረቱ ይግላል፤ ይጨሳል፤ ካልደረሱበትም ቀልጦ ባቡሩን ከሐዲድ ያወጣዋል። ስለዚህ መንገዱ በተጠማዘዘ ቍጥር ከካቡሱ የሚመለከት ዓይን ያስፈልግ ነበር። በጣሪያው ላይ የሚታየው ሰገነት የተሠራው ለዚህ ነው። አሜሪካኖቹ እንደሚተርኩት፣ በ1863 የቺካጎና ኖርዝ ዌስተርን ባልደረባ የሆነ ዋትሰን የሚባል የባቡር አለቃ፣ ጣሪያው የተሸነቆረ አሮጌ ፉርጎ ቢሰጡት፣ ዕቃ ደራርቦ ከላዩ ተቀመጠና በሽንቁሩ ራሱን አወጣ፤ ከዚያ ሆኖ ባቡሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያየው ጊዜ ደስ አለውና፣ ሽንቁሩን እንዲደፍኑለት ሳይሆን መስታወት እንዲያደርጉለት ለመነ። ታሪኩ እንደ ገድል ትንሽ ተጨምሮበት ይሆናል፤ ነገር ግን የሚያፈስ ጣሪያ ተሰጥቶት ማዕረግ ያደረገው ሰው በመሆኑ እኔ ወድጄዋለሁ። ኋላ የፉርጎዎቹ ቁመት ከፍ እያለ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ማየት ቢያስቸግር ጊዜ፣ መስኮቱ ከጣሪያ ወርዶ በጎን እንደ ጕንጭ ያበጠ ካቡስ ተሠራ።

ከውስጡ ምድጃ አለ፤ ምድጃው ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ሲሆን፣ ድስት ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ በከንፈሩ ዙሪያ የብረት ክፈፍ ተበጅቶለታል። በጌይተርስበርግ ያየሁትን ተሽቀንጥሮ የቆመ ጎጆ እያሰብሁ፣ በሚሮጥ ቤት ውስጥ ቡና የሚያፈላ ሰው ምን ያህል ደስ ይለው ይሆን ብዬ ለጋሼ ብነግራቸው፣ «ጀበናው የት ይቆማል?» ብለው በአንድ ቃል ከሕልሜ አወጡኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ካቡስን እንዲህ የሚያቈላምጡት በውስጡ ያላደሩበት ናቸው። ሠራተኞቹ ራሳቸው «የውሻ ቤት» እና «የዝንጀሮ ቤት» እያሉ ይጠሩት ነበር። ፉርጎዎቹ የሚያያዙባቸው መጋጠሚያዎች ጥቂት ልል ናቸው፤ ይህም ልልነት በአንዱ ፉርጎ ዘንድ ከስንዝር የማያልፍ ቢሆንም፣ በመቶ ፉርጎ ሲባዛ ሞተሩ ብዙ ክንድ ተራምዶ ሳለ ጅራቱ ገና ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ መጋጠሚያው አንዱ አንዱን እየነጠቀ፣ ቋ ቋ ቋ እያለ፣ እንደ ቡሄ ጅራፍ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ጫፉም ካቡሱ ነው። በዚያች ቅጽበት ሻዩን የያዘ ሻዩን፣ ቆሞ የነበረም ጥርሱን ያጣል። ሲቆም ደግሞ እንዲሁ በተቃራኒው ነው። ከዚህ የተነሣ የተጎዱት ሠራተኞች ጥቂቶች አልነበሩም፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ሲሻር ያለቀሰው ሁሉ ከልቡ ያለቀሰ አይመስለኝም።

የሻረችውም ያቺ ቀይ ዓይኗን የምታርገበግብ ሣጥን ናት። በ1969 የፍሎሪዳ ኢስት ኮስት ባቡር መንገድ ጀመራት፤ በ1982 ከፕሬዚዳንቱ የተሰየመ የአስታራቂዎች ጉባኤ ኩባንያዎቹ በሚቻላቸው ሁሉ ካቡስን እንዲያስቀሩ ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ የጎርፍ ያህል ሆነ። ቨርጂኒያ ግን፣ በ1911 ያወጣችውን ባቡር ያለ ካቡስ አይሂድ የሚል ሕግ ይዛ፣ እስከ 1988 ድረስ ጸንታ ቆየች። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ የሚኖሩትን ዘመዶቻችንን በወግ አጥባቂነት እንዳማ ባለቤቴ ብታነሣሣኝም፣ በዚህ አንድ ጉዳይ ግን አፌን እይዛለሁ። ሣጥኗ በጅራቱ ያለውን የፍሬን አየር ግፊት እየለካች በሬዲዮ ለሞተሩ ትነግራለች፤ በጨለማም ትበራለች፤ ደመወዝ አትጠይቅም፤ ቢነጥቃትም ጥርስ የላትም። የእንግሊዝኛው ስሟ «የሚብለጨለጭ የኋላ መሣሪያ» ማለት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ሲገጣጠሙ «ፍሬድ» ይሆናሉ። ሰውየው ወርዶ ሣጥን በተሰቀለበት ቀን ሣጥኑን በሰው ስም መጥራታቸው፣ ጋሼ እንደሚሉት፣ የሟችን ስም ለሚወለደው ልጅ እንደ ማውጣት ነው።

ዓይኑንም ሌላ ነገር ተካው። በሐዲዱ ዳር በተወሰነ ርቀት የተተከሉ መሣሪያዎች የሚያልፈውን ኩሽኔታ ሁሉ ሙቀቱን ይለኩና፣ ሰው በሚመስል ድምፅ ውጤቱን በሬዲዮ ያውጃሉ። ጋሼ ይህን የሚያሰማ ትንሽ ሬዲዮ ከገዙ ወዲህ ቅዳሜያችን ልዩ ወዝ አግኝቷል። ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል፤ ድምፁም «ነውር አልተገኘም፤ ጠቅላላ አክስል ይህን ያህል» ይላል። ጋሼም ሁልጊዜ ያንኑ ይናገራሉ፦ «እንዲህ ያለ የነፍስ አባት ቢኖረኝ! እየሮጥሁ አናዝዞ፣ ሳልቆም ፈትቶ የሚያሰናብት።»

የተሻሩት ካቡሶችስ የት ደረሱ ቢባል፣ ብዙዎቹ ተቈራርጠው ቀለጡ፤ የቀሩት ግን ጡረታቸው ከእኛ ጡረታ ሳይሻል አይቀርም። በፔንሲልቬንያ ላንካስተር በሚባለው አገር፣ አንድ ሰው ለጨዋታ ያህል ከብረታ ብረት ዋጋ ያነሰ ጨረታ አቅርቦ ዐሥራ ዘጠኝ ካቡስ ባሸነፈ ጊዜ፣ የሚያደርጋቸው ቢያጣ በ1970 የእንግዳ ማረፊያ እንዳደረጋቸው ይተረካል፤ ዛሬም ሰው ገንዘብ ከፍሎ የጥንት ሠራተኞች ሲያማርሩበት ባደሩት ቤት ያድራል። ይህን ከሰሙ በኋላ ጋሼ አንድ ካቡስ ገዝተው ከቤታቸው ጓሮ ለማቆም ቈረጡ። የሰፈራቸው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን ልብስ ማስጫ ገመድ የማይፈቅድ ማኅበር ነውና፣ ሃያ ቶን ስለሚያልፍ ሠረገላ የጻፉለትን ማመልከቻ እንዴት እንደ ተቀበለው መተረክ አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ፍለጋችን ቀኖና ወጣለት። የቆመ አይቆጠርም። በቨርጂኒያ በሐርንደን፣ በቪየና፣ በአርሊንግተንም በብስክሌት መንገዱ ዳር ቀለም ተቀብተው የቆሙ ካቡሶች አሉ፤ ሁሉንም ተሳልመናቸዋል፤ ነገር ግን በጋሼ ደብተር አልገቡም። ደብተሩ የሚቀበለው የሚሠራውን፣ መንኰራኵሩ በእውነተኛ ጭነት ኋላ የሚዞረውን ብቻ ነው። ዓምዶቹ ሦስት ናቸው፦ «ራስ»፣ «የፉርጎ ብዛት»፣ «ጅራት»። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሦስተኛው ዓምድ ሥር «የለም» የሚለው ቃል ከላይ እስከ ታች ተሰልፎ፣ ደብተሩ የምሕላ ጸሎት መስሎ ነበር። ጨርሶ እንዳልጠፋ ግን እናውቅ ነበር። እጅግ ግዙፍ ትራንስፎርመር የሚሸከሙ ልዩ ሠረገላዎች ጠባቂዎቻቸውን በካቡስ አስከትለው ይጓዛሉ፤ በአጫጭር የፋብሪካ መንገዶችም፣ ሞተሩ ዞሮ ከፊት የሚገባበት ስፍራ ባጣ ጊዜ፣ አሮጌው ካቡስ አሁንም ይፈለጋል።

ያገኘነውም ሳንፈልገው ነው። ባለፈው መጸው በባልቲሞር ክርስትና ተጠርተን፣ በልተን ጠጥተን ስንመለስ፣ ስልኬ «ወደ ግራ ታጠፍ» ባለኝ ጊዜ ጋሼ «ይህች ሴት ባልቲሞርን አታውቅም፤ ቀጥ በል» ብለው አዘዙኝ። ቀጥ አልሁ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደብ ወደብ በሚሸት፣ መጋዘን ብቻ በተደረደረበት፣ ሰው በሌለበት ጎዳና ገብተን ሳለ፣ አስፋልቱን የሚያቋርጥ የዛገ ሐዲድ ዘንድ ስንደርስ የጥሩምባ ድምፅ ሰማን። መዝጊያ የለውም። ቆምሁ።

ከመጋዘኑ ጥግ ቀስ ብሎ፣ ከሰው እርምጃ ብዙም ሳይፈጥን፣ ብቅ ያለው ሞተር አልነበረም። ካቡስ ነበር። ቀይ ቀለሙ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ እንደ ነጣ በርበሬ ገርጥቷል፤ መስኮቶቹ ሁሉ በብረት ልባጥ ተደፍነው፣ በሩም ተበይዶ፣ ዓይኑን እንደ ታሰረ ሰው ይመጣል። ምድጃው የነበረበት ቤት ዛሬ ማንም አይገባበትም። ከደጀ ሰላሙ ላይ ግን፣ በትንሿ በረንዳ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ አንድ ጐልማሳ በአንድ እጁ መከታውን፣ በአንድ እጁ ሬዲዮውን ይዞ ቆሟል፤ ወደ ፊት እያየ ለነጂው መንገዱን ይነግረዋል፤ ዘይት የጫኑ ፉርጎዎች ይከተሉታል፤ ሞተሩ ከሁሉም በስተኋላ ሆኖ ይገፋል።

ጋሼ «ቁም!» ብለው ጮኹ፤ እኔ ቆሜ ነበር። የክርስትናውን ነጠላ እንዳጣፉ ወረዱና ከሐዲዱ ዳር ቆመው፣ በሁለት እጃቸው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሰውየው ጥቂት ግራ ተጋብቶ ሁለት ጣቶቹን ከሬዲዮው ላይ አነሣ። ዐሥራ አንድ ፉርጎ ቈጠርን። ሞተሩ ሲያልፍ ነጂው እንኳ በመስኮት ዘወር ብሎ አየን።

ወደ መኪናው ተመልሰው ደብተሩን ከጕልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ እስክሪብቶውን አነሡ፤ ከዚያም እንደ ተነሣ ቀረ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «ይህ እኮ ጅራቱ ፊት ነው የመጣው። የት ልጻፈው?»

«ራስ በሚለው ይጻፉት።»

«ሞተሩንሳ?»

ከኋላችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ። ጋሼ ቀና አላሉም፤ ከዓምዱ ወደ ዓምዱ እያዩ «ይጠብቅ፤ እኛ ስድስት ዓመት ጠብቀናል» አሉ።